በአርባ እርምጃ ላይ የቆመው አጋዘን

ሥጋ ቆራጭ ነኝ። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ከመስታወቱ ጀርባ ነጭ ጋውን ለብሼ የምቆመው፣ "ከሻኛው ጨምርልኝ፣ ጮማውን ቀንስልኝ" የምትሉኝ ሰውዬ ነኝ። ደም አያስደነግጠኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኬን ስትሰሙ "ይሄማ ዶሮ ማረድ የማይችል ፈሪ ነው" እንዳትሉኝ ነው። ዶሮም በግም አርጃለሁ፤ ማታ ገብቼም ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ አንድ አጋዘን ብቻ ነው።

ያኔ ትዕግስትን ካገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ፣ ሎንግ ቢች መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ከርሜ፣ በመጨረሻ ወደማውቀው ቢላ ተመለስኩ። የትዕግስት አባት ጋሼ ደምሴ ሚድ ዊልሻየር አንድ የቢሮ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቀጥ ያሉ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ፣ ጾም የማይገድፉ። ምላሳቸው ግን አያድርስ ነው! ሲፈልጉ ያስቁሃል፣ ሲፈልጉ በሰው ፊት ቆዳህን ይገፉሃል።

እኔን ከመጀመሪያው ቀን አልወደዱኝም። ልጃቸው ዶክተር ባታገባ እንኳ ቢያንስ ክራቫት የሚያስር ሰው ታገባለች ብለው ያስቡ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አማቼ እኮ ጀግና ነው፤ የሞተ በሬ ይጥላል!" ይላሉ። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ? የሚስቴ አባት ናቸው።

በወጣትነታቸው አርሲ ላይ ድኩላ ያድኑ እንደነበር የማያውቅ ሀበሻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የለም፤ ራሳቸው ነግረውታል። እኛ ሴት ልጅ ወለድንና ሰማንያ ቀኗ ሊደርስ፣ ክርስትና ልትነሳ ሆነ። ጊዜው ደግሞ የአጋዘን አደን የሚፈቀድበት የጥቅምት ወር ነው። ጋሼ ደምሴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ለልጅ ልጄ ክርስትና የአጋዘን ጥብስ አበላችኋለሁ!" ብለው ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ ፌርፋክስ አብረዋቸው ለሚቀመጡት ሽማግሌዎች፣ ለጎረቤት ሳይቀር አወሩት። እሳቸው አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል፤ ታዲያ ማን ያድን? ፈቃድ የነበረን እኔና የትዕግስት ታናሽ ወንድም ናቲ ነበርን።

ናቲ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ቶራንስ ኦፊስ የሚሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነው። አማርኛው ይሰባበራል እንጂ ልቡ ሙሉ ነው። የአዳኝነት ኮርሱን አብረን ወስደናል። ልዩነታችን እሱ አዳምጦ ነው የወሰደው፤ እኔ ለፈተናው ብቻ ነው ያጠናሁት። ጠመንጃውን የገዛሁት ግን እኔ ነኝ። ዒላማ መለማመጃ ቦታ ስንሄድም ከናቲ የተሻልኩ ተኳሽ ነበርኩ፤ ወረቀቱን መሀሉን ነበር የምበሳው። ወረቀት አይንቀሳቀስም፣ አማትም ከኋላህ ቆሞ አይስቅብህም።

ክርስትናው ስምንት ቀን ሲቀረው ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ወጣን። ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ከምናምን ድራይቭ አድርገን፣ አስፋልቱ አልቆ አቧራ መንገድ ላይ ፓርክ አደረግን። ኮረብታው ሁሉ ቁጥቋጦ ነው። ከታች ደረቅ ወንዝ፣ ከላይ አለፍ አለፍ እያለ ጥድ አለ። ጋሼ ደምሴ ከመኪናው ወርደው ጉልበታቸውን እያሹ፣

"ቢላህን ሳልከው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ስዬዋለሁ።"

"እንግዲህ ልብ ብለህ ስማኝ። ጥይቱ መጣያ ነው፤ የሚገድለው ቢላው ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ፣ በስመ አብ ብለህ ካልባረክኸው በክት ነው። በክት ደግሞ ለልጅ ልጄ ክርስትና አይቀርብም። ገባህ?"

"ገብቶኛል።"

ናቲ ቦርሳውን እየተሸከመ "ዳድ፣ ጥይቱ ወዲያው ቢገድለውስ? ኮርስ ላይ እኮ የሚያስተምሩት እንደሱ ነው፤ ወዲያው እንዲሞት" አለ።

"እንግዲያስ እናንተ ብሉት" አሉ አባቱ። "እኔ አልበላም፤ የጠራሁትም ሰው አይበላም። ትከሻውን ይምታውና ይጣለው፤ ከዚያ እንሮጣለን። እኛ እንደዚያ ነበር የምናድነው።"

እኔ ደግሞ በልቤ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ይህን ሰውዬ አፋቸውን ባስዘጋቸው!

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ ናቲ በባይኖኩላር አየው። ከማዶ ተረተር ላይ ቀንዱ ቅርንጫፍ ያወጣ ወንድ አጋዘን ነው፤ ቅጠል እየቀነጠበ ቀስ እያለ ወደ እኛ ይወርዳል። በሆዴ ተኝቼ ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደገፍኩ። ናቲ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ያንሾካሹካል።

"ሩቅ ነው፣ ሙሌ። ነፋስም አለ። ቆይ፣ ወደ እኛ እየመጣ ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ።"

ልክ ነበር። አሥር ደቂቃ ብንጠብቅ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር። ከኋላዬ ጋሼ ደምሴ ሳቅ ሲሉ ሰማሁ።

"እስኪታሰርለት ነው የሚጠብቀው? የለመደው የተንጠለጠለ ሥጋ እኮ ነው!"

ደሜ ፈላ። በስመ አብ ብዬ ምላጩን ሳብኩት።

ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የተኩሱን ማለቴ አይደለም፤ ከተኩሱ በኋላ የመጣውን ነው። ጥይቱ ሲያርፍበት ውኃ የሞላ ፌስታል መሬት ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። አጋዘኑ አልወደቀም። ጀርባውን ጎበጥ አደረገ፣ አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ሆዱን እንዳመመው ሰው ቀስ ብሎ እየተራመደ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

"ሆዱን ነው" አለ ናቲ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ኦ ማይ ጋድ፣ ሆዱን ነው የመታኸው።"

ተሻግረን ቆሞበት የነበረው ቦታ ስንደርስ ጥቁር ደም አገኘን፤ ከደሙ ጋር የተቀላቀለ አረንጓዴ ነገርም ነበር። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። ሽታውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጨጓራው ተበስቷል። ቁርሱን ገና እያላመጠ ነበር።

ናቲ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ኦኬ፣ አሁን ወደ መኪናው እንመለሳለን። ስድስት ሰዓት ያህል እንቀመጣለን። ካልተከተልነው ቅርብ ቦታ ሄዶ ይተኛል፣ እዚያው ይሞታል። ከተከተልነው ግን ይነሳል፣ ይሮጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠቃያል። ሙሌ፣ አብረን ነው እኮ የተማርነው።"

"ይሞታል?" አሉ ጋሼ ደምሴ። "ቁጭ ብለን እስኪሞት ልንጠብቅ? ከዚያስ ጥንብ ተሸክመን ልንገባ?"

"ዳድ፣ እንስሳው ያመዋል!"

"ያመዋላ! ለዚህ አይደል ፈጥነን ደርሰን የምንገላግለው? ተነሱ!" ወደ እኔ ዞሩ። "ሥጋ ቆራጩ፣ ምን ይገትርሃል? ካበላሸኸው ወዲያ ቶሎ ብለህ አርመው።"

ናቲ ዓይኔን አየ። እኔ ደሙን አየሁ። "እንከተለው" አልኩ።

ሃያ ደቂቃ ሳንሄድ አገኘነው። ናቲ እንዳለው ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ነበር። ብንተወው ከዚያ አይነሳም ነበር። የእግራችንን ኮቴ ሲሰማ ግን የኋላ እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ ተነሳ፣ አየን፣ ሄደ። ተኝቶበት የነበረው አፈር ርሷል፤ ዝንቦች ደርሰውበታል።

"አያችሁ? ቅርብ ነው! ደክሟል!" አሉ ጋሼ ደምሴ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰውዬ የት ሄዱ! እንደ ወጣት ነበር የሚራመዱት። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህን ስናገር እውነቴን ነው። እኔም ከእሳቸው እግር እግር እየተከተልኩ "እደርስበታለሁ፣ እደርስበታለሁ" እላለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ያገኘነው ፀሐይ ጠንክሮ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ሲጣበቅ ነው። አንድ ገላጣ ቦታ ላይ ቆሟል። መተኛት ፈልጎ መተኛት ያቃተው ይመስላል። የፊት እግሮቹን ያጥፍና መልሶ ይቆማል። ከሆዱ ቀዳዳ መናገር የማልፈልገው ነገር ተንጠልጥሎ በተራመደ ቁጥር ከሣሩ ጋር ይጎተታል። ዞር ብሎ አየን። አልሮጠም፤ የመሮጥ አቅም አልነበረውም። በመሀላችን አርባ እርምጃ ቢኖር ነው። በኋላ ተመልሼ በእግሬ ስለለካሁት ነው አርባ የምለው።

ጠመንጃውን አነሳሁ። ከዚያ ርቀት ሕፃን ልጅም አይስተውም።

"ተኩስ!" አለ ናቲ። "ሙሌ፣ ፕሊስ፣ ተኩስ!"

ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር። አንድ እጅ መጣና አፈሙዙን ይዞ ወደ መሬት አወረደው። ጋሼ ደምሴ ናቸው።

"እንዴ! ምን ልታደርግ ነው?"

"ልገላግለው ነዋ፣ ጋሼ።"

"ከዚህ ብትመታው ጭንቅላቱን በትነህ ነው የምትገድለው። ስንደርስ በክት! ቆሟል እኮ! አሁን ይወድቃል። ያን ጊዜ በቢላ ነው።"

"ዳድ፣ እየው! እየው እስቲ ሆዱን!"

"አንተ ዝም በል፣ ሂድና ቶራንስህ ኮምፒውተርህን አድን።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። "ሙሉጌታ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ምን ልበል? አማቼ በክት አመጣ ልበል? ትንሽ ታገሥ። የወንድ ልጅ ትዕግሥት የሚታየው ዛሬ ነው።"

በሦስት ዓመት ውስጥ ሙሉጌታ ብለው ሲጠሩኝ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

አፈሙዙን አላስለቀቅኳቸውም። አጋዘኑ ምራቁን እያዝረበረበ፣ ትንፋሹ እየተሰማን፣ ቆሞ አየን። ከዚያ ዞሮ አንድ እግሩን እየጎተተ ቁልቁል ወረደ። ናቲ እጁን ዘረጋልኝ።

"ጠመንጃውን ስጠኝ። እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ኃጢአቱም የኔ ይሁን።"

እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? "አንተ ደግሞ አፍህን ዝጋ! አማርኛ እንኳ በቅጡ ሳትናገር ስለ እኛ ሥርዓት ምን ታውቃለህ?"

አልኩት። በዚህ አፌ። አባቱ ሳቁ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሰውዬው በእኔ ሳይሆን ከእኔ ጋር ሲስቁ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ስለነበር ደስ አለኝ። ናቲ እጁን ሰብስቦ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም።

ቀጥሎ ያለው የሁለት ሰዓት ተኩል ፍለጋ ነው። ደሙ ይጠፋል፣ እናገኘዋለን። በእንብርክኬ እየሄድኩ ቅጠል እየገለበጥኩ አየሁ። አንዳንዴ የሚመራን ዝንብ ነው። አንዳንዴ አሸዋው ላይ የሚጎተተው እግሩ የተወው መስመር ነው። ሦስት ጊዜ የተኛበትን ቦታ አገኘን፤ ሦስቱንም ጊዜ ድምፃችንን ሰምቶ ቀድሞን ተነስቷል። በየቦታው ያለው ደም እየቀነሰ፣ አረንጓዴው እየበዛ ሄደ። አንዱ ቦታ ላይ ጥርሱ ያረፈበት ቅርንጫፍ አየሁ፤ ሕመሙ ሲብስበት ነክሶት ይሆናል። አንጀቴን በላው። ግን አንጀቴን እየበላኝም ሄድኩ እንጂ አልቆምኩም። "እዚህ ድረስ ከመጣን ወዲያማ" እል ነበር ለራሴ። አንድ ሰው ያን ቀን "እስካሁን ያሠቃየኸው በከንቱ ነው" ቢለኝ ኖሮ የምደባደበው ይመስለኛል።

ሰባት ሰዓት ሲል የጋሼ ደምሴ ጉልበት እምቢ አለ። ከገደሉ አፋፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከታች ጠባብ ሸለቆ አለ፤ ኮቴው ወደዚያ ይወርዳል።

"ሩጥ!" አሉኝ። "እዚያ ነው ያለው፤ ከዚያ አይወጣም። ደርሰህ ጩኽልኝ። ነፍሱ ካለች 'አለ' በለኝ!"

እየተንሸራተትኩ፣ እጄን እሾህ እየላጠው ወረድኩ። ናቲ ከኋላዬ ነው። አንድ ዋርካ የሚያክል ዛፍ ሥር የፊት እግሮቹን አጥፎ፣ አገጩን መሬት ላይ አሳርፎ ተኝቷል። "እሰይ፣ አላመለጠም" አልኩ። ቢላዬን መዝዤ ቀንዱን ያዝኩ። አንገቱ ለእጄ አልታገለኝም። በጣቴ የዓይኑን ብሌን ነካሁት፤ አልጨፈነም። አንድ ዝንብ እዚያው ዓይኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ገላው ግን ገና ይሞቃል። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ቢቀድመን ነው።

ከላይ ድምፅ መጣ።

"ደረስክ?"

"ደረስኩ!"

"አለ?"

ናቲ አምስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ያየኛል። ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ በጭንቅላቴ ውስጥ ያለፈውን ልንገራችሁ። የለም ብል አምስት ሰዓት ያሠቃየሁት እንስሳ ለአሞራ ነው። የለም ብል "የሞተ በሬ እንኳ አቃተው" ተብሎ እስክሞት ይሳቅብኛል። የለም ብል ሙሉጌታ መባሌ ቀረ። ስለ አጋዘኑ ግን፣ እግዜር ይይልኝ፣ ምንም አላሰብኩም።

"አለ!" ብዬ ጮኽኩ።

"በስመ አብ በል እንጂ ታዲያ! ቶሎ በል!"

እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ" አልኩ። የአምላክን ስም በሬሳ ላይ ጠርቼ የሞተውን አንገት ቆረጥኩት። ደሙ አልተፈናጠረም። ጥቁርና ወፍራም ሆኖ ቀስ ብሎ አፈሩ ላይ ተንጠባጠበ። ናቲ ፊቱን አዞረ።

ጋሼ ደምሴ በምርኩዝ እያነከሱ ሲወርዱ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። እኔ ሆዱን ከፍቼ ነበር። ሽታው ያቅለሸልሻል፤ የሆድ ዕቃው ሁሉ ተመሰቃቅሏል። የኋላ እግሮቹንና የጀርባውን ሥጋ ብቻ ለማትረፍ እየታገልኩ ነበር። እሳቸው አንገቱን አዩ። መሬቱን አዩ። ቢላዬን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

"ዛሬ ገና አማቼ ሆንክ" አሉ።

አለቀስኩ። ሰውዬው በደስታ ያለቀስኩ መስሏቸው ይሆናል። እኔም በወቅቱ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ክርስትናው ደመቀ። ብዙ ሰው መጣ። ቅቤውም ቃሪያውም በዝቶበት የተጠበሰው አጋዘን ገና ሳይቀርብ ጋሼ ደምሴ ታሪኩን ጀመሩት። እኔ እንደ ነብር ገደል የወረድኩበትን፣ ነፍሱ ልትወጣ አንድ ትንፋሽ ሲቀራት የደረስኩበትን አወሩ። ሰው አጨበጨበልኝ። አንድ ሽማግሌ አጎረሱኝ። የማላውቀው ጣዕም አልነበረውም፤ ሥጋ ነው። ዋጥኩት።

የናቲ ሳህን ላይ ጎመንና ድንች ብቻ ነበር። ወደ ጓዳ ስገባ ተከትሎኝ መጣ።

"ብራዘር" አለኝ፣ በቀስታ። "አልበላም ያልኩት ስለ በክት አይደለም። እኔ እሱን አላምንበትም። ተኩስ ብዬህ ነበር፣ ሶ አልበላም።" ወጥቶ ሄደ። እህቱ "ምን ሆኖ ነው?" ስትለኝ "ደክሞት ይሆናል" አልኳት።

ማምሻውን እንግዳው ሲቀንስ ጋሼ ደምሴ ስቴኪኒ በአፋቸው ይዘው ወደ ፓርኪንጉ ጠሩኝ። የዕድሜ ልክ ቦታቸው ነው፤ በሁለት መኪናዎች መሀል ሲቆሙ ያምርባቸዋል።

"ያ አጋዘን ስትደርስ ሞቶ ነበር" አሉኝ።

እየጠየቁኝ አልነበረም።

"የሚመታ ልብ ያለው እንስሳ አንገቱ ሲቆረጥ ደሙ ድንጋዩን ነው የሚያጥበው። ያንተ ቢላ እጀታው እንኳ አልቀላም። ማን መሰልኩህ እኔ?"

"ታዲያ… ታዲያ ለምን በሉ፣ ጋሼ?"

"ጠየቅኩህ አይደል? 'አለ?' አልኩህ፤ 'አለ' አልክ። እኔ በአንተ ቃል ነው የበላሁት። ሕዝቡም እንደዚያው። ከዚያ በላይ ያለው በአንተና በፈጣሪህ መካከል ነው።" ስቴኪኒውን ተፉ። "ደግሞስ ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ ምን ላቀርብ ኖሯል?"

"እንግዲያው ያን ጊዜ ለምን አላስተኮሱኝም? ቆሞ ሳለ! ለበክት በክት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ባልተሠቃየ!"

ፈገግ አሉ። ክፋት የሌለበት ፈገግታ ነበር፤ እሱ ነው የገደለኝ።

"ጠመንጃው የማን ነው? ያንተ። ጣቱስ? ያንተ። እኔ የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነኝ፤ በአንድ እጄ ነው የያዝኩብህ። ልቀቁኝ ብትል አልለቅህም ነበር?"

ጉንጬን መታ መታ አድርገውኝ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ቢላ ስስል፣ መኪና ስነዳ፣ ልጄን ሳስተኛ ያ ጥያቄ ይመጣብኛል። አይለቁኝም ነበር? ይለቁኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጠመንጃውን መንጨቅ ነበረብኝ። ለዚያች ያህል እንኳ ወንድነት አልነበረኝም፤ ወንድነቴን ሁሉ እኮ የምለምነው ከእሳቸው ነበር። ናቲን ሁለት ጊዜ ደወልኩለት፤ ሁለቱንም ጊዜ አላነሳም።

በፋሲካ ማግስት የምሠራበት ቤት ሞልቶ ነበር። ጋሼ ደምሴ ከጓደኞቻቸው ጋር መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ታሪክ ለአዲስ ሰው ያወራሉ። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ነኝ። አዲሱ ሰውዬ ወደ እኔ ዞሮ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ።

"እውነት ነፍስ እያለው ደረስክበት?"

ጋሼ ደምሴ ዓይናቸውን እንኳ አላነሱም። እርግጠኛ ነበሩ። ቢላዬን አስቀመጥኩና በጋውኔ እጄን ጠረግኩ።

"አልደረስኩም" አልኩ። "ሞቶ ነበር። በሕይወት እያለ በአርባ እርምጃ ላይ ቆሞልኝ ነበር፤ መግደል ስችል አልገደልኩትም። ያበላኋችሁ በክት ነው። ይቅር በሉኝ።"

አንዱ ሽማግሌ እኔን ያጎረሱበትን እጃቸውን ሲያዩ አየሁ። ጋሼ ደምሴ ቀስ ብለው ተነስተው ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው "የአምላክን ስም እየጠራህ ዋሸኸኝ!" ብለው በሰው ሁሉ ፊት ጮኹብኝ። ሰዉም አመናቸው። ለምን አያምናቸው? እውነት ነዋ። ስለ ፓርኪንጉ ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው ለእናንተ የመጀመሪያዬ ነው።

በክርስትናው የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። ከእኔ ሥጋ የማይገዙ አሁንም አሉ፤ በሥራ ቀኔ በሩ ላይ አይተውኝ ይመለሳሉ። ጋሼ ደምሴ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ሲመጡ እኔ ከቤት እወጣለሁ። ትዕግስት ያን ሰሞን የአደኑን ነገር ከሰማች በኋላ ስለ በክቱ አንድም ነገር አላለችኝም። "ናቲን አማርኛ አታውቅም ያልከው እውነት ነው?" ብቻ ነበር ያለችኝ። እውነት ነው አልኳት። ከዚያ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ጠመንጃ ይዛችሁ አታውቁ ይሆናል። ግን የሆነ ነገር በእጃችሁ ላይ ሲቃትት፣ መገላገል እየቻላችሁ፣ አፈሙዙን የያዘባችሁን ሰው ፊት አይታችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን ካለ ታውቁኛላችሁ። "አስገድደውኝ ነው" አትበሉ። እኔ ብዬ አይቼዋለሁ፤ ሌሊት አያስተኛም። ሥርዓቱንም አትውቀሱ። ሥርዓቱ ነፍስ እያለው ባርከህ ቶሎ ገላግለው ነው የሚለው፤ እያሳደድክ አድክመው አይልም። እኛ ነን ያልነው።

ናቲ ባለፈው ጥቅምት ስልኬን አነሳ። "አማርኛህ ከኔ ይሻላል" አልኩት። ሳቀ። ጠመንጃውን ለእሱ ሰጠሁትና አብሬው ሄድኩ፤ ያንን ገላጣ ቦታ አሳየኝ አልኩት። ደረስን። እሱ እኔ የቆምኩበት ቦታ ቆመ፤ እኔ ደግሞ እየቆጠርኩ ተራመድኩና አርባ ላይ ስደርስ ዞርኩ። ከዚያ ሆኜ የናቲ ፊት ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ዓይኑ ሳይቀር። አጋዘኑ እኔንም እንደዚያ አይቶኛል ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን እኔ የማየው የአማቴን ፊት ነበር።